የደንበኛን ምሥጢር በትንሽ የጥብቅና ቢሮ እንዴት እንጠብቅ?

ሁለት ጠበቃ፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ ተላላኪ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከሕግ ትምህርት ቤት የሚመጣ ተለማማጅ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ፎቅ ላይ የተከራዩት ሁለት ክፍል። ብዙዎቻችን የምንሠራው እንዲህ ባለ ቢሮ ነው፤ መመሪያውም ለዚሁ ቢሮ የተጻፈ ነው። የአይቲ ክፍልና የራሳቸው ሰርቨር ያላቸው ድርጅቶች ሌላ ይፈልጉ።

የመረጃ ጥበቃ ነገር ሲነሳ ሁሉም ሰው ሀከር ይታየዋል። እኔን ግን ከሀከር ይበልጥ የሚያሰጋኝ ኮፒ ቤት ነው። በትንሽ ቢሮ ምሥጢር የሚያፈተልከው በወረቀት፣ በቴሌግራምና በወሬ ነው። ደግነቱ እነዚህን ቀዳዳዎች መድፈን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ፋይል ቢሮ ከገባበት ሰዓት እስኪወገድ ድረስ በማን እጅ፣ በየትኛው ስልክና በየትኛው ኮምፒውተር እንደሚያልፍ መከታተል ይጠይቃል። ደረጃዎቹም የተደረደሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሕጉ በአጭሩ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ ጠበቃም ከሚጠየቁት አንዱ ነው። እነዚህ ለማናችንም አዲስ አይደሉም።

አዲሱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የጤና፣ የብሔር፣ የሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከትና የባዮሜትሪክ መረጃዎችን በተለየ ጥንቃቄ እንድንይዝ ያዛል። አንድ የፍቺ ወይም የወንጀል መከላከያ ፋይል ገልጣችሁ ብታዩ ከእነዚህ ውስጥ ግማሹን አታጡም።

ብዙ ጠበቃ ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። የሙያ ምሥጢር ሲባል የምናስበው የራሳችንን ደንበኛ ነው። አዋጁ ግን የሚጠብቀው ሰውን ነው፤ ደንበኛ ሆነ አልሆነ። ፋይላችሁ ውስጥ የተከሳሿ የሕክምና ማስረጃ አለ። የምስክሩ ስልክ ቁጥር አለ። የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት አለ። ተቃራኒ ወገን ስለሆኑ ብቻ ወረቀታቸው እንደፈለገ ጠረጴዛ ላይ ሊሰጣ አይገባም።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ቁጠሩ

አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡና ሁላችሁም ተቀመጡ። ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ምን መረጃ አለን? የት ነው ያለው? ማን ያየዋል? እስከ መቼ ያስፈልገናል?

«የት ነው?» ለሚለው እውነተኛውን መልስ ጻፉ። «ቁም ሳጥን ውስጥ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። የጸሐፊዋ ፍላሽ ላይ። የተላላኪው ስልክ ጋለሪ ውስጥ፤ ሬጅስትራር ጋ ትእዛዝ ፎቶ ሲያነሳ ስለሚውል። በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ። ባለፈው ዓመት በለቀቀው ረዳት የግል ጂሜይል ውስጥ። ይህ ዝርዝር ሲወጣ ሰው ትንሽ ይደነግጣል። ቀጥሎ የሚሠራው ሁሉ የሚመነጨው ግን ከእሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ከደንበኛው የሚያስፈልገውን ብቻ ተቀበሉ

ደንበኛ ሲመጣ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋል። የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ ፓስፖርት፣ የልጅ ሪፖርት ካርድ ሳይቀር። ሁሉንም ኮፒ አድርጎ ማስቀረት ልማድ ሆኖብናል። ለጉዳዩ የማያስፈልገውን እዚያው መልሱለት። የሌላችሁ ወረቀት አይጠፋባችሁም። መታወቂያም ቢሆን ዓይቶ ማረጋገጥ ከበቃ የፋይዳ ካርዱን ፊትና ጀርባ ኮፒ አድርጎ ፋይል ማድረግ ምን ይጠቅማል? ዋናውን ሰነድ የምታስቀሩ ከሆነ ደግሞ የተረከባችሁትን ዘርዝራችሁ ተፈራረሙ፤ አንዱ ቅጂ ለእሱ፣ አንዱ ለእናንተ።

ከዚያ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፦ «በየትኛው ስልክ ልደውልልዎት? ሌላ ሰው ቢያነሳው ምን ልበል?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ባሏን ልትፈታ የመጣች ሴት አስቡ። ስልኳን አልፎ አልፎ ባሏ ያነሳዋል። ጸሐፊዋ በቅንነት «ከጠበቃ ቢሮ ነው፣ ቀጠሮ ለማስታወስ ነበር» ብትል ክሱ ሳይከፈት ቤቱ ተናወጠ ማለት ነው። ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ ደንበኛም እንዲሁ ናት። ስልኳን አሠሪዋ ሊያየው ይችላል። ነፃ የምትሆነው ማታ ብቻ ሊሆን ይችላል። በየትኛው መተግበሪያ፣ በስንት ሰዓት እንደምትፈልግ እሷው ትንገራችሁ። ውክልናዋን በኤምባሲ በኩል ስትልክም የሰነዱን ፎቶ ለእናንተ ብቻ እንድትልክ፣ በዘመድ ስልክ እንዳታዟዙረው ንገሯት። የክርክሩ ምክንያት ያው ዘመድ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መልሱን ፋይሉ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ጻፉት፤ የሚደውል ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያንብብ።

የጥብቅና ውሉ ላይም አንድ አንቀጽ ጨምሩ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ቢሮው የደንበኛውን የግል መረጃ የሚጠቀመው ለዚህ ጉዳይ ብቻ ነው። ሕግ ካላስገደደ በቀር ጉዳዩ ከሚመለከታቸው አካላት ውጪ ያለ ደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ ለማንም አያሳይም፣ አይሰጥም። ጉዳዩ ሲያልቅ ዋና ሰነዶች ለደንበኛው ይመለሳሉ። ቅጂዎች እስከ ______ ዓ.ም. ተቀምጠው ይወገዳሉ።»

ደረጃ 3፦ ቢሮውን በደንበኛ ዓይን እዩት

ተነሱና እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሆናችሁ ምን ይታያችኋል? ግድግዳው ላይ የቀጠሮ ሰሌዳ ካለ፣ የደንበኞች ስም ከነጉዳዩ ተጽፎበት ይሆናል። መደርደሪያው ላይ የፋይሎች ጀርባ ይነበብ ይሆናል፤ «ወ/ሮ እከሊት፣ የንብረት ክፍፍል» የሚል። የጸሐፊዋ ስክሪን ወደ እናንተ ዞሮ ይሆናል። በሩ ቢዘጋም የውስጥ ወሬ ይሰማ ይሆናል።

የፋይል ሽፋን ላይ ከስም ይልቅ ቁጥር ጻፉ። 18/042 ካላችሁ ማን እንደሆነ የሚያሳየው መዝገብ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ሰሌዳው ላይም በቁጥር። ስክሪኑን አዙሩት። ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈት ለድምፁ ሁነኛ መላ ነው። ጸሐፊዋም ሰው በተሰበሰበበት «የፍቺው ባለጉዳይ ይግቡ!» ከማለት ትቆጠብ፤ ስም ጠርታ «ይግቡ» ካለች በቂ ነው። ማታ ስትወጡ ጠረጴዛ ላይ ፋይል አይደር። የጽዳት ሠራተኛዋ ቁልፍ አላት፤ አከራዩም ሊኖረው ይችላል።

ደረጃ 4፦ ኮፒ ቤትና ፍላሽ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ።

ቀጠሮው ለአራት ሰዓት ነው። መብራት ሄዷል፣ ወይም የቢሮው ፕሪንተር ቀለም ጨርሷል። ተላላኪው የክስ መልሱን በፍላሽ ይዞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወዳለው ኮፒ ቤት ይሮጣል። ልጁ ፍላሹን ይሰካል። ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ይገለብጠዋል፤ ከፍላሽ በቀጥታ ማተም ስለሚዘገይ። ያትማል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ ቀጣዩን ሰው ያስተናግዳል። የእናንተ ሰነድ ዴስክቶፑ ላይ ቀረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ረዳት ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ሰፈር፣ አንድ ኮፒ ቤት ነው የምንጠቀመው። ፍላሹም ሲመለስ ብቻውን አይመለስም። ፎልደሮችን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ የማያውቅ ጠበቃ ያለ አይመስለኝም።

«ፍላሽ አያስፈልግም፣ በቴሌግራም ላኩልኝ» ሲባል ደግሞ ይብሳል። ሰነዱ ኮፒ ቤቱ አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ቴሌግራም ላይ የላካችሁትን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ትችላላችሁ፤ ያ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ከወረደ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባለው ፎልደር ቅጂው ይቀራል። ከቻቱ ብታጠፉትም ከዚያ አይጠፋም።

ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት የራሳችሁን ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር ከነስካነሩ ግዙ። በጀት ጠባብ ከሆነ ከሌላው ሁሉ ይህን አስቀድሙ። ትርፍ ቶነርም ይኑር። መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ በባትሪ ይሠራል፣ ሌዘር ፕሪንተር ግን ብዙ ኃይል ስለሚስብ ትንሽ ዩፒኤስ አይችለውም። እናም አቤቱታን ለዋዜማው ማተም እንጂ ለጠዋቱ አለማሳደር።

ሁለተኛ፣ ኮፒ ቤት መሄድ ግድ ከሆነ ለኅትመት ብቻ የተመደበ ባዶ ፍላሽ ይኑራችሁ። የሚታተመው አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ይጫንበት። የቢሮው ሁሉ ሥራ ያለበት ፍላሽ ከቢሮ አይውጣ። ፒዲኤፉን በይለፍ ቃል ቆልፉት፤ ቃሉን ተላላኪው እዚያው ራሱ ያስገባ።

ሦስተኛ፣ የሄደው ሰው ከስክሪኑ ዓይኑን አይንቀል። ከፍላሹ ላይ በቀጥታ እንዲከፈት ይጠይቅ። ከተገለበጠ ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ተጭኖ እንዲጠፋ ያድርግ። የተበላሹትን ገጾች ሰብስቦ ይምጣ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። መስታወቱ ሥር የቀረ ዋና ሰነድም ካለ ክዳኑን ገልጦ ይይ።

አራተኛ፣ ፍላሹ ሲመለስ ሳይከፈት ፎርማት ይደረግ።

ራፖር ጸሐፊ ዘንድ አስጽፈው የሚመጡ ደንበኞችም አሉ። እዚያ የተጻፈው የመጀመሪያ አቤቱታ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ቁጠሩት፤ ደንበኛውም እንዲያስጠፋ ንገሩት።

ደረጃ 5፦ ስልክና ቴሌግራም

ቴሌግራም አትጠቀሙ ብል ማንም አይሰማኝም። ደንበኛው ያለው እዚያ ነው። ከሆነ አይቀር በደንብ እንጠቀምበት።

ለቢሮው የራሱ ሲም ካርድ አውጡ። የጸሐፊዋ የግል ቁጥር የቢሮው አድራሻ ከሆነ፣ እሷ ስትለቅ ደንበኛው ሁሉ ከነሰነዱ አብሯት ይሄዳል። በቢሮው አካውንት ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ከሚለው ሥር ነው። ያለ እሱ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ ያገኘ ሁሉ ይገባል። ቀጥላችሁ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ይዘረዘራሉ። የማታውቁት፣ ወይም ድሮ ኢንተርኔት ካፌ የከፈታችሁት ካለ አስወጡት። ይህን በወር አንዴ መድገም ነው።

ተራው የቴሌግራም ቻት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። ዋትስአፕና ሲግናል ተራውንም እንዲሁ ይመሰጥራሉ። ስሱ የሆነ ነገር፣ በተለይ የሕክምና ወይም የወንጀል ጉዳይ፣ በእነዚህ ይሂድ።

የስልክ ጋለሪም አለ። በግል ስልክ የተነሳ የሰነድ ፎቶ ከልጅ ልደት ፎቶ ጋር ተደባልቆ ወደ ጉግል ፎቶስ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ልጆች ጌም በሚጫወቱበት ታብሌት ላይም ይወጣል። ፎቶውን ወደ ቢሮው ኮምፒውተር አዛውሩና ከስልኩ፣ «በቅርብ የጠፉ» ከሚለው ውስጥም ጭምር፣ አጥፉ። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የመልእክቱ ይዘት ስክሪን ላይ እንዳይታይም አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ኮምፒውተሩ

አሥር ሺህ ነገር ማለት ይቻላል፤ ዋና ዋናውን ብቻ።

ክራክ የተደረገ ዊንዶውስና ኦፊስ ከነሰላዩ ሊመጣ ይችላል፤ ሕጋዊውን ግዙ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ አሁንም እሱ ላይ ያላችሁ ቀይሩ። የላፕቶፑን ዲስክ በቢትሎከር መስጥሩ፤ ማክ ከሆነ ፋይልቮልት ነው። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ታክሲ ውስጥ ቢረሳ የሚጠፋባችሁ ዕቃው ነው፤ ውስጡን ማንም አያነበውም። የመልሶ መክፈቻ ቁልፉን አትማችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ እንጂ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይሁን።

ሁለት ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ይኑራችሁ፤ ሁለቱም የተመሰጠሩ። አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ዓርብ ዓርብ ይቀያየሩ። አልፎ አልፎ አንድ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ፤ የማይከፈት ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። ክላውድ ለመጠቀም ካሰባችሁ አዋጁ መረጃን ወደ ውጭ አገር ስለማስተላለፍ የሚለውን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ኮምፒውተር ቤት ጥገና ስትወስዱ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩና ኮምፒውተሩን ብቻ ስጡ። ችግሩ ራሱ ዲስኩ ከሆነ ባለሙያው ቢሮ መጥቶ ዓይናችሁ እያየ ይሥራ።

ደረጃ 7፦ ሰዎቹ

ጸሐፊ፣ ተላላኪ፣ ተለማማጅ፣ ሰነድ የሚተረጉምላችሁ ሰው፣ ሁሉም አንድ ገጽ የምሥጢር ጠባቂነት ግዴታ ይፈርሙ። ግን ፊርማ ብቻውን ምንም አይደለም። «የሰፈርህ ሰው ፋይል ቢመጣ ምን ታደርጋለህ? አክስትህ ብትጠይቅህስ?» ብላችሁ በአፍ አወያዩአቸው። ከባለጉዳዩ ጋር የሚተዋወቅ ሠራተኛ ያን ፋይል ባይነካ ይሻላል።

ተለማማጆችን በሁለት ነገር ተቆጣጠሩ። አንደኛው ለዩኒቨርሲቲው የሚጽፉት ሪፖርት ነው። የዋሉበትን ጉዳይ ከነስሙና ከነመዝገብ ቁጥሩ ይዘረዝራሉ፤ ሳታዩት አይውጣ። ሁለተኛው ቻትጂፒቲን የመሰለ ነገር ነው። አቤቱታውን ከነስሙ ለጥፎ «አስተካክልልኝ» ማለት ዛሬ የተለመደ ነው። ስም፣ ቀበሌ፣ ሒሳብ ቁጥርና የልጆች ዕድሜ ሳይወጣለት ምንም ነገር እዚያ እንዳይለጠፍ በግልጽ ከልክሉ።

ለጠበቆቹም አንድ ነገር አለኝ። የረታነውን ፍርድ ስካን አድርገን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ፋሽን ሆኗል። ችሎቱ በግልጽ ቢካሄድም የሴትየዋ ስምና የንብረት ዝርዝር የቢሮአችን ማስታወቂያ ሊሆን አይገባም። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለው ካፌም የምክክር ክፍል አይደለም፤ ማኪያቶው እዚያ፣ ጉዳዩ ቢሮ።

ደረጃ 8፦ መዝገቡ ሲዘጋ

ዋና ሰነዶችን በፊርማ መልሱ። ቅጂዎቹን እስከ መቼ እንደምታቆዩ ወስኑ። ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት በመርሕ ደረጃ በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ብዙ ጉዳይ ከእሱ ጋር ማያያዝ ስሜት ይሰጣል። ግን ሁሉንም በጅምላ 10 ዓመት ማቆየትም ልክ አይደለም። ለምክር ብቻ መጥቶ የሄደ ሰው መታወቂያ ኮፒ ለምን ይቆያል? የግብር ሰነዶቻችሁ ደግሞ የራሳቸው ጊዜ አላቸው፤ ለይታችሁ አስቀምጡ። ፋይሉ ሲዘጋ የሚወገድበትን ዓመት ሽፋኑ ላይ በትልቁ ጻፉ፤ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ጊዜው የደረሰውን አውጡ።

ስታስወግዱ ለቁራሌው አትስጡ! ሻይ ቤት በር ላይ ኦቾሎኒ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገልጦ ያላነበበ ማን አለ? የፈተና ወረቀት፣ የደመወዝ ሊስት፣ አንዳንዴም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። በዚያ መንገድ የእናንተ ደንበኛ ቃለ መሐላ ሊወጣ ይችላል። ወረቀት መቀርጠፊያ ማሽን ግዙ፤ በቁመት ብቻ ሳይሆን በአግድምም የሚቆርጠውን። ከሌለ አቃጥሉ፤ እዚያው ቆማችሁ አመድ እስኪሆን ጠብቁ፣ የወረቀት ጥቅል መሐሉ አይቃጠልም። የድሮ ኮምፒውተር ስትሸጡም ሀርድ ዲስኩን አስቀሩት።

ደረጃ 9፦ አንድ ነገር ሲያፈተልክ

ስልክ ተሰረቀ እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት፦ የቢሮው ቴሌግራም አስቀድሞ ከተከፈተበት ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሆናችሁ የተሰረቀውን አስወጡ፤ በጉግል «ስልኬን ፈልግ» ወይም በአይክላውድ ቆልፉት ወይም ይዘቱን አጥፉ፤ ሲሙን ለማዘጋት ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውሉ፤ የኢሜይሉን ይለፍ ቃል ቀይሩ። ቀጥሎ ፖሊስ ጋ አስመዝግቡና ማስረጃ ተቀበሉ።

ከዚያ ደረጃ 1 ላይ የሠራችሁትን ሠንጠረዥ አውጡ። በስልኩ ውስጥ የማን ምን እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው። አዋጁ የመረጃ ጥሰት ሲያጋጥም ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ዓርብ ማታ የጠፋ ስልክ ሰኞ ማታ ጊዜው ያልቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ ማን እንደሚጽፍ ከወዲሁ ይወሰን።

ለደንበኛው ራሳችሁ ንገሩት፤ ከሌላ ሰው አይስማ። ደብዳቤው አይንዛዛ፦

«በ______ ቀን የቢሮአችን ስልክ ተሰርቋል። በውስጡ የእርስዎ የባንክ ስቴትመንትና የፓስፖርት ፎቶ ነበር። ስልኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሲሆን በ______ ሰዓት ከርቀት ይዘቱ እንዲጠፋ ትእዛዝ ሰጥተናል። በስምዎ እንግዳ ጥሪ ወይም መልእክት ከደረሰዎ ምንም ሳይመልሱ በቢሮው መደበኛ ስልክ ይደውሉልን። ባንክዎንም እንዲያሳውቁ እንመክራለን።»

በስሕተት ለሌላ ሰው የተላከ ቴሌግራም ወይም ሬጅስትራር ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የተገኘ ፋይልም ቢሆን ቀኑ፣ የሆነው ነገርና የተወሰደው እርምጃ በአንድ ደብተር ይመዝገብ። ደብተሩ ውስጥ የደንበኛ ስም አይጻፍም፤ የፋይል ቁጥሩ ይበቃል።